ምንጩ ከተገኘ በኋላ፦ አዲስ አበባ ውሃ ፍለጋ የሄደችበት መንገድ

አዲስ አበባ ዝናብ ያልተነፈጋት ከተማ ናት። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፤ ይህም በዝናቧ ስሟ ከሚነሣው ለንደን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው መጠን ነው። ይሁንና በምዕራብ ጫፏ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው አየር ጤና፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ተራው ሌሊት ላይ ከወደቀ የቤቱ ሰው ሌሊት ይነሣል፤ ባልዲው፣ ሳፋው፣ በርሜሉና ቢጫው ጄሪካን በየተራ ይሞላል፤ አቅም ያለው ግቢው ውስጥ ሮቶ ያቆማል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት «ከተማው አደገ፣ ውሃው አልበቃም» የሚል ነው። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ያለፈው መቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ እንደሚያሳየው አዲስ አበባ ውሃን ከሩቅ ማምጣት አላቃታትም፤ በየዘመኑ አንድ ግድብ ወይም አንድ የጉድጓድ መስክ ስትጨምር ኖራለች። ያቃታት ምንጩ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ነው፦ መስመሩን መጠገን፣ የተፋሰሱን አፈር መያዝ፣ ውሃው ከሚቀዳበት አገር ሰው ጋር መስማማት፣ የደረሰውንም በፍትሕ ማካፈል። ይህን ሥራ እያንዳንዱ ዘመን ለሚቀጥለው አሳደረው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዝናቡ ጠባይ ነው። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል፤ በልጉ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ሰው የሚጠጣው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ስለዚህ በዚህ ደጋ ድርቀት ከቦታ ይልቅ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ግድብ የሐምሌን ውሃ ለየካቲት ያሻግራል፣ ቦይና ቧንቧ ደግሞ የተሻገረውን ወደ ሰው ያደርሳል። አገሩ ይህን ጥበብ ቀድሞም ያውቀዋል። በአክሱም ማይ ሹም የሚባለው ጥንታዊ የውሃ ማጠራቀሚያ እስከ ዛሬ አለ፤ በጎንደር የፋሲለደስ የጥምቀት ገንዳ በየዓመቱ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ በኮንሶም ሃርዳ የሚባሉት ኩሬዎች በማኅበረሰቡ ጉልበት እየተጠረጉ ለትውልድ ይተላለፋሉ። ከሦስቱ ለዚህ ታሪክ የሚበጀው የኮንሶው ምሳሌ ነው። ኩሬ መቆፈር የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ ኩሬውን ኩሬ አድርጎ የሚያቆየው በየዓመቱ የሚጠርገው እጅና ማን መቼ እንደሚጠርግ የሚደነግገው ሥርዓት ነው።

ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ የተመረጠው ለመከላከል የሚመች ከፍታ እንጂ ለኑሮ የሚመች ውሃ አልነበረም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ተራራ ብርዱ ይበረታል፣ ማገዶው ይርቃል፣ ውሃውም ከቁልቁለቱ ተቀድቶ በእንስራ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመሠረት፣ ከተማው ውሃውን ወደ ላይ ከማውጣት ይልቅ ራሱ ወደ ውሃው ወረደ ማለት ይቻላል። መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩን ያዙ፣ ተከታዩ ሕዝብ ከሥራቸው ሰፈረ፣ ሴቶችና ልጃገረዶችም በየሸለቆው ካለው ምንጭና ወንዝ ይቀዱ ነበር። ይህ ለሰፈር እንጂ ለከተማ የሚበቃ ዘዴ አልነበረም። የሰውና የከብቱ ቁጥር ሲጨምር የሚጠጣበትና የሚታጠብበት ወንዝ አንድ ሆነ፤ ንጹሕ ውሃ የሚገኘውም ከሰው መኖሪያ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በኩል ብቻ እየሆነ ሄደ።

በ1886 ዓ.ም. ገደማ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል የተጠለፈ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። ግቢው ኮረብታ ላይ ስለነበር ውሃው ሸለቆውን ወርዶ እንደገና መውጣት ነበረበት። ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ በራሱ ክብደት እየተገፋ ይወጣል፤ ይህን ያላየ የዘመኑ ሰው ግን ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ተመልክቶ መደነቁ አያስገርምም። ለታሪካችን ከድንቁ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ነው። የከተማይቱ የመጀመሪያ ቧንቧ ወረፋውንም አብሮ ሠራ፦ ግቢው ይቀድማል፣ ከግቢው ዙሪያ ያለው ይከተላል፣ ጫፍ ላይ ያለው ይጠብቃል። በዚያው ዘመን ሌላም ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ማገዶ ላጣችው ከተማ መድኅን ሆኖ የገባው ባሕር ዛፍ ምንጮችንና ጉድጓዶችን ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ብዙው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ፤ ትእዛዙ ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ ዛፉም ተራራውን ሸፈነው። ዛፉ በእርግጥ ምን ያህል ውሃ ይጠጣ ነበር የሚለውን ለባለሙያ እንተወው። መንግሥት በዚያን ጊዜ እንኳ ምንጩ በዙሪያው ካለው መሬት ተለይቶ እንደማይኖር መገንዘቡ፣ የተገነዘበውንም ሳይፈጽም መተዉ ግን ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ የምናየው ነገር ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባን የቅኝ ግዛቱ መዲና ሊያደርግ ሲነሣ ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ፕላን አወጣ፣ ገበያውንም ዛሬ መርካቶ ወዳለበት ወደ ምዕራብ አዛወረ። የመጀመሪያው ትልቅ የመጠጥ ውሃ ግድብ የገፈርሳ ሥራም ከዚያ ዘመን የሚመነጭ ነው፤ ግድቡ በተሟላ መልኩ ለአገልግሎት የበቃው ግን ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ ነው። ገፈርሳ ከመሃል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአምቦ መንገድ ይገኛል፤ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ራስጌ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። የቦታው ትልቅ ጸጋ ከፍታው ነው። ከዚያ የተለቀቀ ውሃ ያለ ሞተርና ያለ መብራት ወደ ኮልፌና ወደ መርካቶ አቅጣጫ በራሱ ይወርዳል። ግድቡ በ1947 ዓ.ም. ከፍ ተደረገ፤ በ1952 ዓ.ም. በቀን 30,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ተሠራለት። ከኩሬው የሚመጣው ደፍራሽ ውሃ አልሙኒየም ሰልፌት ይገባበታል፤ ጭቃው እየተጓጎለ በገንዳ ይዘቅጣል፤ የቀረው በአሸዋ ይጣራል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ተጨምሮበት ወደ ዋናው መስመር ይለቀቃል። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ከዋናው ግድብ በላይ ሌላ አነስ ያለ ግድብ ተጨመረ፤ አንዱ ዓላማው ደለል ማስቀረት ነበር። ተራራው መታረሱና መራቆቱ ካልቆመ ግድብን ለማዳን ግድብ መሥራት ግድ እንደሚል ከዚህ ይታያል።

የገፈርሳ ውሃ ወደ ተራው ሰው የደረሰው በአብዛኛው በቦኖ ነው። በየሰፈሩ በቆመው የሕዝብ ቧንቧ ዙሪያ እንስራና ጣሳ፣ በኋላም ጄሪካን ይሰለፋል፤ የቦኖው ጠባቂ ሳንቲም ይቀበላል፤ ቆጣሪ ያስገባ ግቢ ደግሞ ለጎረቤት እየሸጠ ይኖራል። ይህ ሥርዓት በጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብን ከወንዝ ውሃ አላቅቋል። ጉዳቱ ሥርጭቱ ሁልጊዜ ከምንጩ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። የገፈርሳ መስመሮች ሲዘረጉ ከተማው በምዕራብ በኩል ኮልፌ አካባቢ የሚያበቃ ያህል ነበር፤ አየር ጤና ከዚያ ወዲያ የከተማ ዳር ነበረች። ቤቱ በዝቶ፣ ሰፈሩ ከዘነበወርቅ አልፎ ወደ ዓለም ገና መንገድ ሲዘልቅ፣ አዲሱ ሰፈር የተቀጠለው ለሌላ ዘመን ሕዝብ ታስቦ በተቀበረ ቧንቧ ጫፍ ላይ ነው።

ገፈርሳ እንደማይበቃ በ1950ዎቹ ግልጽ ስለሆነ ዓይን ወደ ምሥራቅ ዞረ። በሰንዳፋ አቅጣጫ ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዘው የለገዳዲ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ገደማ ተጠናቀቀ፤ ማጣሪያውም በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ያመርት ጀመር። ወዲያው በ1963 ዓ.ም. የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሥራው ከማዘጋጃ ቤት ጉዳዮች አንዱ መሆኑ ቀርቶ የራሱ መሥሪያ ቤት ያለው ዘርፍ ሆነ። በደርግ ዘመን፣ በ1978 ዓ.ም. ገደማ፣ የለገዳዲ ማጣሪያ ወደ 150,000 ሜትር ኩብ አደገ። እዚህ ላይ ስሌቱን ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ነዋሪ ነበራት። ገፈርሳና ለገዳዲ በአንድነት የሚሰጡት 180,000 ሜትር ኩብ ለዚህ ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 127 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከስድስት ጄሪካን በላይ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ያ ዘመን የጥጋብ ዘመን መሆን ነበረበት። በተግባር ግን በቦኖ የሚቀዳ ቤተሰብ ለመላው ቤቱ የሚያገኘው ያን ያህል ነበር። ውሃው ነበር፤ ሰው ጋ የሚያደርሰው መስመር ግን አልነበረም።

ለገዳዲ ሌላም ትምህርት አላት። የተፋሰሱ መሬት እርሻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቀዩን አፈር ይዞ ኩሬው ውስጥ ይገባል። ደቃቁ ሸክላ ቶሎ ስለማይዘቅጥ ማጣሪያው በኬሚካል ብዛት ይታገለዋል፤ ዝናቡ በከበደ ጊዜ የምርት ወጪው ይንራል፤ የዘቀጠው ደለልም የግድቡን ሆድ በየዓመቱ ያጠበዋል። አፈሩን ማሳው ላይ የሚያስቀር እርከን የሚሠራው የላይኛው ገበሬ ነው፤ ትርፉ የሚታየው ግን ታች በከተማው ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ከተማው ለእርከኑ ካልከፈለ ገበሬው በነጻ የሚሠራበት ምክንያት የለውም። ይህ ሒሳብ ሳይወራረድ ዓመታት አለፉ።

በ1991 ዓ.ም. ከለገዳዲ አጠገብ 19 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዘው የድሬ ግድብ ተጨመረ፤ ውሃው የሚጣራውም እዚያው ለገዳዲ ነው። ጣቢያው በኋላ በተደረገለት እድሳትና ማስፋፊያ በቀን እስከ 195,000 ሜትር ኩብ የማምረት አቅም አገኘ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ከተማይቱ ወደ ከርሰ ምድር ወረደች፤ በአቃቂ ሜዳ ጥልቅ ጉድጓዶች እየተቆፈሩ የከተማው ትልቅ ምንጭ ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ የተመረቀው የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ የከርሰ ምድር ፕሮጀክትም በቀን 86,000 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ የታቀደ ነው። የጉድጓድ ውሃ ጥሩ ጎኑ ብዙ ነው፦ ቶሎ ይደርሳል፣ ሰፊ መሬት አያሰጥምም፣ በድርቅ ዓመት እንደ ኩሬ ቶሎ አይጎድልም። ጉዳቱ ከገፈርሳ ጋር ሲነጻጸር ይገለጣል። አቃቂ ከከተማው ግርጌ ነው፤ ውሃው ወደ ቤት የሚሄደው በፓምፕ ተገፍቶ ሽቅብ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ጄሪካን ዋጋ ይጨምራል።

በዚሁ ጊዜ የምዕራቡ ክፍል መልኩን ለወጠ። ከአየር ጤና ዙሪያ ዓለም ባንክና ቤቴል የሚባሉት ሰፈሮች ሞሉ፣ ጀሞ ላይ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ቆሙ። ፎቅ ያለ ግፊት ውሃ አያገኝም፤ መስመሩ ደግሞ ግፊቱን የሚያጣው በመጨረሻው ጫፍ ነው። ምድር ቤት የሚንጠባጠበው ቧንቧ አራተኛ ፎቅ ላይ አየር ብቻ ይተፋል። ዲናሞ ያለው ቤት ከመስመሩ ስቦ ሮቶውን ሲሞላ የጎረቤቱ ግፊት ይወርዳል። ፈረቃ ለሁሉም እኩል የተደለደለ ይመስላል፤ በሚገባ የሚጠቀምበት ግን ማጠራቀሚያ ያለው ነው። ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ላለው ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ማለት ሙሉ ሳምንት ነው፤ ሦስት ጄሪካን ላለው ተከራይ ሁለት ቀን ማለት ሁለት ቀን ነው። ፈረቃው መስመሩንም ይጎዳል። ባዶ የሆነ ቧንቧ በስንጥቁ የውጭ ቆሻሻ ይስባል፤ ውሃው በድንገት ተመልሶ ሲሞላው ያረጀውን መገጣጠሚያ ያፈነዳል። ጊዜያዊ መፍትሔ የተባለው ነገር ቀስ በቀስ ችግሩን ራሱን ይወልዳል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ የሕዝቡን ቁጥር ማን ይችለዋል? በ1987ቱ ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ጨምሯል። የገፈርሳ 30,000 ሜትር ኩብ ለ1999ኙ ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ ሰው 11 ሊትር፣ ግማሽ ጄሪካን ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ምንጭ አያስፈልግም የሚል ክርክር ከእውነት ጋር ይጣላል። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው። ከሚመረተው ውሃ ከሲሶ በላይ የሚሆነው በፍሳሽ፣ በማይሠራ ቆጣሪና በሕገ ወጥ ቅጥያ ሳይቆጠር እንደሚቀር ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የለገዳዲን ምርት ብቻ ብንወስድ ሲሶው 65,000 ሜትር ኩብ ነው። ለዓመታት ሲታቀድ የኖረው የገርቢ ግድብ በቀን ይሰጣል የተባለው ከ70,000 ብዙም አይርቅም። አንድ ሙሉ ግድብ የሚያህል ውሃ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። በእርግጥ የሚባክነው ሁሉ ሊድን አይችልም፤ ከፊሉ በሰው የተጠጣ ግን ያልተከፈለበት ነው፤ የዓለም ምርጥ ከተሞችም የተወሰነ ብክነት አለባቸው። የተቀበረ ቧንቧ መለወጥ አስፋልት መቆፈርን፣ ትራፊክ መዝጋትንና ብዙ ገንዘብን ይጠይቃል፤ ሲጠናቀቅም እንደ ግድብ ሪባን አይቆረጥለትም። ግማሹ እንኳ ቢድን ግን የሚገኘው ውሃ የተጣራ፣ ክሎሪን የገባበት፣ ከተማው ውስጥ የደረሰ ውሃ ነው፤ ማንንም ከመሬቱ አያፈናቅልም።

መፈናቀል የሚለው ቃል ወደ ገርቢና ሲቢሉ ይወስደናል። ሁለቱም የታቀዱት ከእንጦጦ ሰንሰለት ማዶ፣ በሱሉልታ አቅጣጫ ነው። ከእንጦጦ በስተደቡብ የወረደ ዝናብ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በስተሰሜን የወረደው በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ። ስለዚህ እነዚህ ግድቦች ውሃን ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላው ያሻግራሉ፤ ከኢልግ ቧንቧ በኋላ በአዲስ አበባ ታሪክ ትልቁ እርምጃ ይሆናሉ። ገርቢ በ2000ዎቹ ሊጀመር ሲል በመሬቱ፣ በካሳውና በሚነሡት አርሶ አደሮች ጉዳይ ተያዘ፤ ለዓመታትም ተጓተተ። ይህን ተራ የቢሮ ችግር አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ገፈርሳም ለገዳዲም ድሬም ያሉት በኦሮሚያ መሬት ላይ ነው፤ ቡራዩና ለገጣፎ ለገዳዲ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ ክፍሎች ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ ከአዲስ አበባ የሚኖራትን ልዩ ጥቅም ሲደነግግ የማኅበራዊ አገልግሎትንና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን ስም ጠርቶ ያነሣል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ያለው ግን ለብዙ ዓመታት በእንጥልጥል ቆየ። የሎስ አንጀለስ ታሪክ እንዲህ ያለው ነገር ሲዘነጋ የሚሆነውን ያሳያል። መሐንዲሱ ዊልያም መልሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1913 የኦወንስን ሸለቆ ውሃ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አጓጉዞ ከተማውን አጠገበ። የሸለቆው ሐይቅ ደረቀ፣ ገበሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ1924 መስመሩን በዲናሚት አፈነዱት፣ ከተማውም የደረቀው ሐይቅ የሚያስነሣውን አቧራ ለማስታገስ እስከ ዛሬ ገንዘብ ያፈስሳል። በምህንድስናው የተዋጣለት ሥራ በስምምነት ጉድለት መቶ ዓመት የሚቆይ ጠብ ወለደ።

«እንግዲያው ጉድጓዱን እናብዛ፤ ከማንም ጋር አያጣላም» የሚል ይኖራል። ሐረር ለዚህ መልስ አላት። ከተማይቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር። ሐይቁ ግን በመስኖ ፓምፕ፣ በከተሞች ፍጆታና በደለል ተዳክሞ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደረቀ፤ ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ማስገፋት ነበረባት። ሐይቁ ሲጎድል ቢያንስ ዳርቻው ሲሸሽ ይታይ ነበር፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሲጎድል ግን ፓምፑ አየር እስኪስብ ድረስ የሚያይ የለም። የከተማው ቆሻሻ ደግሞ በትንሹና በትልቁ አቃቂ አድርጎ የሚወርደው ወደዚያው ወደ ጉድጓዶቹ መስክ አቅጣጫ ነው። ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያክም የተስፋፋው ጣቢያ ስለዚህ ከመጠጥ ውሃው ሥራ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም፤ የነገውን ምንጭ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ግድብ መሥራት ይቁም የሚል አይደለም፤ ገርቢም ሲቢሉም አንድ ቀን ያስፈልጋሉ። ነገር ግን በዛሬው መስመር የሚገባ አዲስ ውሃ ሲሶው እዚያው ይቀራል፣ የተረፈው እንደ ወትሮው መሃል ከተማውን አጥግቦ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግፊቱን ይጨርሳል፤ ስለዚህ አዲስ ግድብ ብቻውን ለአየር ጤና ያለው ትርጉም ትንሽ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ በመጀመሪያ ለምዕራቡ ክፍል የራሱ ማጠራቀሚያና ትልቅ መስመር፣ የአሮጌው ቧንቧ ቅያሬ፣ የሚሠራ ቆጣሪ፤ ከዚያ ለላይኛው ገበሬ እርከን የሚከፈል ቋሚ ገንዘብና ከኦሮሚያ ጋር በሕግ የታሰረ ውል፤ ከዚያ ግድቡ። የፈረቃው ሰንጠረዥ ሲደለደልም ሮቶ የሌለውን ቤት ታሳቢ ያድርግ። ከኢልግ ጀምሮ ያለው ሥራ የተመዘነው በቀን ስንት ሜትር ኩብ ተመረተ በሚል ቁጥር ነው። ቁጥሩ በየዘመኑ አድጓል፣ ወረፋውም አብሮት አድጓል። ከእንግዲህ የሚመጣ ፕሮጀክት ሁሉ መመዘን ያለበት በመጨረሻው ቧንቧ ነው፤ በጅማ መንገድ ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ተከራይ በመጋቢት ወር ቀን ላይ ቧንቧውን ሲከፍት ውሃ ካላገኘ፣ ግድቡ ተመርቋል እንጂ ሥራው አልተጠናቀቀም።